ከአንድ ሳህን የበሉ ትሎች

በሁለት ሺህ ዐሥራ አምስት ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዕድሜዬ ሰባ አራት ነበር። ሰባ አራት የምለው እናቴ «አንተን የወለድሁ ክረምት ውኃው ምድጃዬ ድረስ ገብቶ ነበር» ትል የነበረውን ይዤ፣ ከሽማግሎች ጋር ቆጥሬ ነው። አንድ ሁለት ዓመት ቢዛነፍ አልከራከርም። በሌላው ነገር ሁሉ ግን እከራከራለሁ፤ የሚያውቀኝ ያውቃል።

ፊደል የቆጠርሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው፣ በመሠረተ ትምህርት ጊዜ። ስለዚህ ጽሕፈቴ እንደ እርሻዬ ቀጥ ያለ አይደለም። ልጆቼ «ይንገሩንና እኛ እንጻፍልዎት» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልሁ። ጥፋቱን የሠራሁት በገዛ እጄ ነው፤ የሚጽፈውም ይኸው እጅ ይሁን።

ቤቴ ፎገራ፣ ቁሐር ሚካኤል ነው፣ ክረምት ውኃ የሚተኛበት ጥቁር አፈር ላይ። ሩዝ እንዘራለን፤ ውኃው ሲሸሽ በእርጥቡ ጓያ እንጥላለን፤ ከብት እናረባለን። በዚያ ዓመት ከእኩዮቼ መካከል ሞፈር ያልሰቀልሁ እኔ ብቻ ነበርሁ። ጥርሴ አልተነቀለም፣ ጉልበቴ አልተያዘም። ሰው «ምን ቢበሉ ነው?» ሲለኝ «አልቀመጥም» እለው ነበር። ሰው የሚያረጀው ሲቀመጥ ነው ብዬ አምን ነበር። ይኼ እምነቴ ነው ወንድሜን ያስበደለኝ።

ወንድሜ በሦስት ዓመት ታናሼ ነው። ከአንድ ሆድ ወጥተን፣ ከአንድ ገበታ በልተን ነው ያደግን። አባታችን ሲሞት አንድ አንድ በሬ ደረሰን። አንድ በሬ ብቻውን አያርስምና መቀናጆ ሆንን። የሱን በሬ ከኔ በሬ ጋር ጠምደን አንድ ቀን የኔን ማሳ፣ አንድ ቀን የሱን እናርሳለን። በሬ ሲያረጅ ሌላ እየተካን ሠላሳ ዓመት አለፈን። ቀንበሩ ግን ያው አንድ ነበር፤ አባታችን ከዋንዛ የጠረበው።

ስድሳ ዓመት ካለፈው ወዲህ ወንድሜ መዘግየት ጀመረ። መጀመሪያ ሁለት ፈር አርሶ ይቀመጣል። ቀጥሎ አንድ ፈር አርሶ ይቀመጣል። እጁ እርፉ ላይ ይንቀጠቀጥ ጀመር። አንዳንዱ ሰው «ጓያ ነው የሰበረው» አለ። ጓያማ እኩል ነው የበላነው፤ በክፉ ዓመት እንዲያውም እኔ ሳልበልጠው አልቀርም። እኔን ያልሰበረኝ እሱን ለምን ይሰብረዋል? ሁለት ጊዜ ወንዛዬ ወርዶ በፍል ውኃው ታጠበ፤ እንደሄደው ተመለሰ። ሰው ባለበት «ፍል ውኃው ለታመመ ነው እንጂ ለሰነፈ ምን ያደርጋል?» አልሁት። አንገቱን ደፋ።

በሁለት ሺህ ዐሥር ዓ.ም. ሰኔ መግቢያ ላይ የኔ ማሳ ታርሶ አለቀ። የሱ ግማሹ ቀረ። በኛ አገር መቀናጆ በእርሻ መካከል አይፈርስም፤ የሚጣላ ቢኖር እንኳ ዘሩ እስኪወድቅ ታግሦ፣ ከዚያ ነው የሚለያይ። አንድ ማለዳ ስሄድ ወንድሜ አልተነሣም። ጠበቅሁት። ፀሐዩ ከረር ሲል ወጥቶ ደጃፉ ካለው መደብ ላይ ተቀመጠ። እኔም በሬዬን ፈታሁ፣ ቀንበሩን ተሸከምሁ።

ራሱን ብቻ ቀና አደረገ። ሌላው አካሉ አልተንቀሳቀሰም።

«አያ፣ የኔን ሳይጨርሱ?» አለኝ።

«መጨረስ የፈለገ ይነሣና ይጨርሳል።»

ሄጄ በሬዬን ከሌላ ሰው በሬ ጋር በሰውዬው ቀንበር ጠመድሁ። የወንድሜ ግማሽ ማሳ ሣር በቀለበት፤ ውኃ መጥቶ ተኛበት። ከዚያ ወዲህ ሚስቱ ሰው እየለመነች ነው የምታሳርሰው፣ ሁልጊዜም ከሰው ሁሉ ኋላ። በሬውን ግን አልሸጠውም። «የማያርስ ሰው በሬ ምን ያደርግለታል?» ሲሉት «ጓደኛው እስኪመጣ ነው» ይላል አሉ። እኔ ይኼን እየሰማሁ አምስት ዓመት ተቀመጥሁ።

ሽማግሎች መጥተው ነበር። የበደለ ሰው ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ ይቆማል፤ የተበደለው «አውርደው» ሲለው ያወርዳል፤ እርቁ ያ ነው። «ድንጋይ የሚሸከመው ማሳውን ጥሎ የተኛው ነው» ብዬ መለስኋቸው። ከቤቴ ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚወስደው አጭሩ መንገድ በወንድሜ ደጃፍ ያልፋል። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ በቦዩ ዞሬ ተመላለስሁ፣ በክረምት ጭቃ እስከ ጉልበቴ እየዋጠኝ።

በአምስተኛው ዓመት ዐቢይ ጾም ላይ የንስሐ አባቴ መጡ። ወንበር ስሰጣቸው አልተቀመጡም።

«ወንድምህን ካልጋ የምታነሣው ሚስቱ ናት። የዘንድሮን ሩዝ ሲታጨድ የሚያይ አይመስለኝም። ሬሳ ታርቆ አያውቅም፤ ቶሎ በል።»

«አስብበታለሁ አባ» አልሁ።

አላሰብሁበትም።

እንግዲህ ወደ ትሉ ልምጣ። የልጅ ልጄ ወረታ መምህርት ናት፤ ባዮሎጂ የሚሉትን ነው የምታስተምር። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ከከተማ አንድ መሣሪያና ትሎች ተሰጥቷት፣ ከተከራየችው ክፍል አስቀምጣ ትጠብቃቸዋለች። በስልክ «አባባ፣ እርጅናን ነው የማጠናው» ብላኝ ነበር። «እርጅናን ለማየት ትል ምን አስፈለገሽ፣ መጥተሽ መንደሩን እዪ!» አልኋት። ሳቀች። ወሬው መንደር ገባ። ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ ሰንበቴ ተቀምጠን ሳለ አንዱ ጎረቤቴ ጠላውን ጨበጥ አድርጎ፣ «መምህርቷ ትል ትጠብቃለች የሚባለው እውነት ነው?» አለኝ።

«እውነት ነው።»

«እኛ ከብት ስንጠብቅ እሷ ትል! በሉ ይስቡላት። ለመጪው ፋሲካ ቅርጫ እንገባለን።»

ሰንበቴው ሁሉ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ትል እኔ የማውቀው ወይ የቁስል ነው ወይ የመቃብር። ያን ያህል የተማረች ልጅ ትል ስትቆጥር ዕድሜዋን አትጨርስም ብዬ ወሰንሁና ሰኞ ረፋዱ ላይ በእግሬ ወረታ ሄድሁ፤ «ጣይው» ልላት።

ክፍሏ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ አለው፤ እንደ ጎታ ቀዝቃዛ ነው። ሳልገባ «አባባ፣ በሩን ይዝጉት፤ ሙቀት አይወዱም» አለችኝ።

«እኔስ ስንት ሜዳ አቋርጬ መጥቻለሁ፤ የኔን ሙቀት ማን ጠየቀ?»

ውኃ ሰጠችኝ። ከአንድ ነጭ ሣጥን ውስጥ የመዳፍ ግማሽ የማይሆኑ፣ ክዳን ያላቸው የላስቲክ ሳህኖች አወጣች። በውስጣቸው እንደ ረጋ አጥሚት ያለ ነገር አለ። ትል የሚባል አላየሁም።

«የታል?»

«በዓይን አይታይም፤ በዚህ ይመልከቱ» ብላ ማይክሮስኮፕ የምትለውን አቀረበችልኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ።

«ጥቁር ነው ትልሽ። ፀጉርም አለው።»

«አባባ፣ እሱ የገዛ ቅንድብዎ ነው» ብላ ሳቋ አመለጣት። «ትንሽ ራቅ ይበሉ። አንዱን ዓይንዎን ይክደኑት።»

ራቅ አልሁ። ያን ጊዜ ታየኝ። እንደ ቀጭን የብርጭቆ ክር ያለ፣ ውስጡ የሚያሳይ ነገር፣ እየተጥመለመለ ያልፋል። ሌላው ይከተላል። የሚያስጸይፍ አልነበረም፤ እውነቱን ለመናገር ንጹሕ ነው። ውኃ ውስጥ እንደሚሄድ እባብ አካሄዱ ያምራል።

ልትነግረኝ ጀመረች። እነዚህ ትሎች ዕድሜያቸው ሦስት ሳምንት ቢሆን ነው። ስለዚህ የሰው ሰባ ዓመት ሳይጠበቅ፣ ልደቱንም ጎልማሳነቱንም እርጅናውንም በአንድ ወር ውስጥ ማየት ይቻላል። አንዷ ትል እናትም አባትም ራሷ ናት።

«ይኼን ለካህን አትንገሪ» አልኋት።

«ስለዚህ ልጆቿ ሁሉ አንድ ዓይነት ዘር ናቸው» አለችኝ። «ደግሞም አንዳንዴ በዘራቸው ውስጥ ካሉት ትእዛዞች አንዷን ብቻ ሲለውጧት፣ ትሉ እጥፍ ዕድሜ ይኖራል። ትእዛዟን ዘረ መል እንላታለን። እንዲህ ያለችው ለኛም አለችን፤ ትልም ሰውም ላይ የምትመሳሰል አለች። ትሉን የምንጠይቀው ለዚህ ነው።»

«ከኖረ ምን ቀረው፤ ይኑር።»

«መኖር ብቻ አይደለም አባባ። አንዳንዱ ብዙ ይቆያል፤ ግን ግማሹን ዕድሜ ተኝቶ ነው። እኔ የምቆጥረው ስንት ቀን ቆየ የሚለውን ብቻ ሳይሆን፣ ስንት ቀን በጤና እየሄደ ቆየ የሚለውን ነው።»

ይኼ ገባኝ። ቆሞ መቆየት ሌላ፣ ተኝቶ መቆየት ሌላ።

ከዚያ ሁለት ሳህን አሳየችኝ። አንደኛው ዘሩ የተለወጠ ነው፤ ሁሉም ይሯሯጣል። ሁለተኛው ተራው ትል ነው። «ሁለቱም ዛሬ ዐሥራ ሰባተኛ ቀናቸው ነው። በሰው ቢታሰብ የእርስዎ እኩዮች ናቸው።»

«እኩዮቼማ አልጋ ላይ ናቸው።»

«አዎ፤ ይመልከቱና።»

በተራው ሳህን ውስጥ አንዳንዱ እንደ ወጣት ይሄዳል። አንዳንዱ ትንሽ ሄዶ ይቆማል። አንዱ ደግሞ ዳር ላይ ቀጥ ብሎ ተኝቷል። የሞተ መሰለኝ። ልጅቱ ጫፏ ከፀጉር የቀጠነች ሽቦ አነሣችና ቀስ አድርጋ ነካችው።

ራሱን ብቻ ቀና አደረገ። ሌላው አካሉ አልተንቀሳቀሰም።

ከመሣሪያው ዓይኔን አነሣሁ። ልጅቱ ደብተሯ ላይ «አለ» ብላ ምልክት አደረገች።

«ይኼኛው ምን አጥፍቶ ነው?» አልኋት።

«ማ? ትሉ?» ሳቀች። «ትል ምን ያጠፋል አባባ!»

«ሰንፎ ነዋ። ወንድሞቹ ሲሄዱ እሱ ተኛ።»

«አንድ ቀን ነው የተፈለፈሉ። ከአንድ ሳህን ነው የበሉ። ዘራቸው አንድ ነው። ሙቀቱም አንድ ነው።»

«እንግዲያው ለምን?»

አሁን አልሳቀችም። ፊቴን ሳታየው አልቀረችም። «ሙሉውን የሚያውቅ የለም። ገና ከሥር በሰውነታቸው ውስጥ በአጋጣሚ የምትፈጠር ትንሽ ልዩነት ትኖራለች፤ ኋላ ትሰፋለች። እነዚህ አንድ ዘር ሆነው እንኳ እንዲህ ከሆኑ፣ ሰውማ ይብሳል። ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ወንድማማቾች እንኳ የሚወርሱት አንድ ዓይነት አይደለም። አንዱ ጠንካራውን ይወስዳል፣ አንዱ ደካማውን። መርጦ የወሰደ የለም።»

«እኔ በሥራ ነው የቆየሁት» አልኋት። ድምፄ ከፍ አለ መሰለኝ። «አልቀመጥም። የተቀመጠ ይያዛል።»

«ሥራም ይረዳል፣ አልካድሁም» አለች። ሽቦዋን በእሳት አቃጥላ አስቀመጠች። «ግን እስቲ ያስቡት አባባ፤ እርስዎ ስለማይቀመጡ ነው ያልደከሙ፣ ወይስ ስላልደከሙ ነው የማይቀመጡ?»

መልስ ሳጣ እቆጣለሁ፤ ተቆጣሁ። ያቀረበችልኝን ምሳ ሳልነካ ተነሥቼ ወጣሁ። «ጣይው» ልላት የሄድሁበትንም አልተናገርሁም። ልጅቱ በር ላይ ቆማ «ምን አስቀየምሁዎት?» ስትል ዞሬ አላየኋትም። ወንድሜን አስባ እንዳልተናገረች አውቃለሁ። ከወንድሜ ጋር መኳረፌን እንጂ ነገሩን በዝርዝር የነገራት አልነበረም። ቢነግሯትማ እንዲያ ፊት ለፊት አትጠይቀኝም ነበር።

ከወረታ ወደ ቤቴ ሜዳው ለጥ ያለ ነው፤ ሐሳብ የሚያስጥል ዳገት የለበትም። ከብቶቹ ግጦሽ ላይ ነበሩ። እኛ የፎገራ ሰዎች ከብት በዘሩ እናውቃለን። ጥጃ ሲወለድ የእናቱን ግት፣ የአባቱን ሻኛ፣ የአያቱን ሰኮና እናስባለን። ከአንዲት ላምና ከአንድ ኮርማ ሁለት ወይፈን አሳድጌ አውቃለሁ። አንዱ ዐሥር ዓመት አረሰልኝ። ሌላው በአራተኛው ዓመት እግሩ አልታዘዝ አለው። ያን ወይፈን በአለንጋ ነካሁት? አልነካሁትም። «ምን ያድርግ፣ እንዲህ ሆኖ ተፈጠረ» ብዬ ከጥላ አሰርሁት፣ ሣር አጭጄ በአፉ አቀረብሁለት። ሰውም ሲጠይቀኝ «ሰነፈ» አላልሁም።

ለወይፈን የፈረድሁትን ለወንድሜ ሳልፈርድለት አምስት ዓመት አለፈ።

ቦዩ ጋ ስደርስ መንገዱ ሁለት ይሆናል። ቆምሁ። በአጭሩ መንገድ የወንድሜ ቤት ቆርቆሮ ይታያል፤ ደጃፉ ላይ ያ በሬ ታስሯል፤ ቡሬ ነው፣ ከሩቅ አይጠፋም። እግሬ ወደዚያ አልሄደልኝም። ባዶ እጄን ነበርሁ፤ ምን ብዬ ልግባ? ዞሬ በቦዩ ሄድሁ። ቤቴ ገብቼ ከጎተራው ሥር አባታችን የጠረበውን ቀንበር አወጣሁ። አቧራውን በእጄ ጠረግሁት። የወንድሜ በሬ የሚጠመድበት ወገን አሁንም ለስላሳ ነው፤ የኔ ወገን ሻካራ ነው። ለካ ያን ያህል ዓመት የሱ በሬ ነበር የበለጠውን ይገፋ የነበረው። እኔ ይኼን አይቼ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ማክሰኞ ጎሕ ሲቀድ በሬዬን ፈታሁ። ማረሻውን ጭኜ፣ ቀንበሩን በትከሻዬ ተሸክሜ በአጭሩ መንገድ ሄድሁ። ደጃፉ ስደርስ አንድ ውሻ ዘልሎ ጮኸብኝ። እኔ ከቀረሁ በኋላ የተወለደ ነው፤ አያውቀኝም።

ወንድሜ መደቡ ላይ በጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ሚስቱ ደግፋ አውጥታው መሆን አለበት። ሰውነቱ አልቋል። እኔ የማውቀው ትከሻ የለም። ውሻው አልተው ሲለኝ ራሱን ቀና አደረገና፣

«ዝም በል አንተ፤ የቤት ሰው ነው» አለው።

መንገድ ላይ ያሰናዳሁት ቃል ሁሉ ጠፋኝ። ቀንበሩን እንደተሸከምሁ ጎንበስ ብዬ ቆምሁ። ሚስቱ ከበር አየችንና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ተመልሳ ገባች። ወንድሜ ቀንበሩን ከጫፍ እስከ ጫፍ አየው።

«አያ፣ ያውርዱት» አለ በመጨረሻ። «ይከብድዎታል።»

«አይከብደኝም።»

«አይ እልኸኛ! አሁንም? ያውርዱት አልሁ።»

አወረድሁት። ወገቤን ቀና ሳደርግ ዓይኔ አላይ ብሎኝ ነበር።

«አልሰነፍህም ነበር» አልሁት። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት። ሰው ፊት ያዋረድሁህም እኔ ነኝ።»

«ዛሬ ማን ነገረዎት?»

«ትል ነገረኝ።»

«ትል?»

«አዎ፣ ትል። የልጅ ልጄ ትል።»

ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ዞረበትና ጀርባውን ይዤ አቆየሁት። ጀርባው በእጄ ሥር አጥንት ብቻ ነው። ሳሉ ሲበርድለት በሬዬን አየት አደረገው።

«አርጅቷል ያንተኛው» አለኝ። በዕድሜው ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ማለቱ ነው። እሱም አላስተዋለው፤ እኔም አላረምሁት።

«ያንተስ?»

«የኔማ እንደኔ ነው።»

«እንግዲያው ይመጣጠናሉ» አልሁና ቡሬውን ፈታሁት።

ሁለቱን በሬዎች ከቀንበሩ ሥር አገባኋቸው። ቡሬው ወደ ራሱ ወገን ሳይነዳ ሄደ። ከዚያ እኔና ሚስቱ ወንድሜን ከነጋቢው ተሸክመን ማሳው ጠርዝ ላይ፣ አንድ የዛፍ ግንድ ተደግፎ እንዲቀመጥ አደረግነው። ያ ግማሽ ማሳ በዚያ ዓመትም ገና አልታረሰም ነበር። እርፉን ጨበጥሁ። በሬዎቹ አልተንቀሳቀሱም፤ የኔን ጩኸት ቡሬው በአምስት ዓመት ረስቶታል።

ወንድሜ ከተቀመጠበት በዚያች በቀጠነች ድምፁ «ሂድ!» አለው።

ቡሬው ጆሮውን ወደሱ አዞረና ገፋ። ማረሻው ሣሩን ቀዶ ጥቁሩን አፈር ገለጠ፤ እኔም ከኋላው ሄድሁ።